ጽዋውን የማያሳልፉት አጎቴ

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሰንበቴው ጽዋው ሲደርሳቸው አጎቴ ቶሎ አይጠጡም ነበር። ሌላው ስለ ከብትና ስለ አዝመራ ሲጠያየቅ፣ እሳቸው ጎናቸው ወዳለው ሰው ዞረው፣ አገው ከሆነ በአገውኛ፣ ካልሆነም በአማርኛ፣ «ልብህስ እንዴት ሰነበተ?» ይሉታል። መልስ ሳያገኙ ጽዋውን አያሳልፉም።

ልጄን ቀብሬ ዝም ባልኩበት ክረምት፣ የአገራችን የቆሰበር ሰው «ጋኔን ለክፏታል» ብሎ ከደጄ ራቀ። አጎቴ ሰንበቴው መሀል ቆሙ።

«ይህች ልጅ አላበደችም፤ ልቧ ቆስሏል። እግሩ ለቆሰለ ሰው ፈረስ ታውሱታላችሁ፤ ልቡ ለቆሰለ ሰው ግን ስም ታወጡለታላችሁ?»

 በሳምንቱ ሁለት ሴቶች ቤቴ መጥተው «ልብሽስ?» አሉኝ። ያን ቀን አፌ ተፈታ።

አሁን የአጎቴ አርባ ወጥቷል። ባለፈው እሁድ ጽዋው ባዶ መቀመጫቸውን አልፎ ሲዞር ማንም ማንንም አልጠየቀም። እንባዬ ሲመጣ አጠገቤ ያሉት «ተይ፣ እንዳያገረሽብሽ» አሉኝ።

አልተውም። ጽዋው ሲደርሰኝ ይዤው ተነሣሁ።

«ስም ሳታወጡልኝ እኔው ልንገራችሁ፤ ልቤ ቆስሏል። ፈረሳችሁን ጫኑልኝ።»

ከዚያ ጎኔ ወዳሉት ሽማግሌ ዞሬ «የእርስዎስ ልብ እንዴት ሰነበተ?» አልኳቸው። እስኪመልሱልኝ ጽዋውን አላሳለፍኩም።