ዳጣን ማን ፈለገው

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የደረሰብኝን ግን ልንገራችሁ። ወላይታ ሶዶ ገበያ ዳጣ፣ የኛን በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የሚፈጭ ማባያ፣ ስሸጥ ነው ያረጀሁት። የልጅ ልጄ መሠረት በኢንተርኔት ልትሸጥልኝ ተነሳችና፣ ሰው በስልኩ አብዝቶ የሚፈልገው «ዳጣ»ን ይሁን «አዋዜ»ን፣ የፈላጊውን ስልክ ቋንቋ እየለየች ታወዳድር ጀመር። አማርኛው ላይ አዋዜ በለጠ፤ ወላይትኛው ላይ ሁለቱንም የፈለገ የለም።

«እማማ፣ እስከ ሐሙስ ዳጣ ካልተነሳ ብልቃጡ ላይ አዋዜ ብዬ ነው የምጽፈው» አለችኝ።

የእናቴን ዳጣ አዋዜ? እንቅልፍ አጣሁ። ተደብቄ ዕድራችን ሄድኩና ሴቶቹን «እባካችሁ፣ በየስልካችሁ ዳጣን ፈልጉልኝ» ብዬ ለመንኩ።

«ዳጣ ቤታችን ሞልቶ ስልክ ውስጥ ምን እንፈልጋለን?» ብለው ሳቁብኝ፤ ግን እሺ አሉ።

ሐሙስ መሠረት ስልኳን ከፈተች። ወላይትኛው አሁንም ባዶ ነው። አማርኛውን ስትነካው ግን ዳጣ ሽቅብ ወጥቷል። ለካ የዕድርተኛው ስልክ ሁሉ በአማርኛ ኖሯል።

መሠረት አቀፈችኝ። «እማማ፣ ስሙን አልነካውም። ይሄ ሁሉ ፈላጊ የአዲስ አበባ ሰው መሆን አለበት፤ አሁኑኑ ሁለት መቶ ብልቃጥ አዛለሁ።»