ከባልዲው ጎን የሠራሁት ሹሩባ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል።

ደጀን ላይ ሹሩባ እየሠራሁ ነበር። ለታጣቂዎች ስንቅ አቀብለሻል ብለው፣ የደንበኛዬን ጸጉር ሳልጨርስ ደብረ ማርቆስ እስር ቤት ወሰዱኝ። አሥራ አራት ሴቶች በአንድ ክፍል ነበርን። ክፍሉ እርጥብ ሲሚንቶና ሽንት ይሸታል። በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው ጎን፣ አንዲት የጉንደ ወይን ልጅ ለብቻዋ ትተኛለች። ሴት ትወዳለች ተብላ ነው የታሰረችው። ማንም አብሯት አይበላም።

በጻፉት ነገር የታሰሩ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርትም ነበሩ። አንድ ጠዋት ውኃ ስንቀዳ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው።

"ቲቸር፣ ዩኒቨርሲቲ እንደ እሷ ስላለ ሰው ምን ያስተምራል?"

"ክፍል ውስጥ የሚያነሳው የለም። እኔም ድሮ እንደነዚህ ሴቶች ነበር የማስበው። ኋላ ብዙ ሳነብ፣ አንዲት ተማሪዬም ስለ ራሷ ስትነግረኝ፣ በሽታም ብልግናም እንዳልሆነ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?"

ጀሪካናቸውን አነሱ። "እኔንም ከባልዲው ጎን ያስተኙኛላ፣ የኔ እህት።"

በማግስቱ ፍርድ ቤት የሚቀርቡ ሴቶች ስለነበሩ የዚያን ዕለት ሹሩባ ስሠራላቸው ዋልኩ። ልጅቷም ቀራቢ ናት። ጸጉሯ ተቋጥሮ ገመድ መስሏል።

"ነይ፣ ተቀመጪ" አልኳት።

"ሚዜ ልትሆኚ ነው ወይስ ሙሽራ?" አለችኝ አንዷ። ሳቁ።

ካቦ የምንላቸው የክፍሉ አለቃ ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰዱ። "እሷን በነካ እጅሽ የእኛን ራስ አትነኪም።"

"እሺ እትዬ፣ የእናንተን አልነካም።"

የልጅቷን ጸጉር በጥፍሬ እየከፈልኩ ሠራኋት።

ስጨርስ ቲቸር ሻሻቸውን አውልቀው መጡና ልጅቷ የተነሳችበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። "ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው።

ያን ዕለት የእኔም የእሳቸውም ምንጣፍ ወደ ባልዲው ተገፋ። ሦስታችን ተጠጋግተን ተኛን። ልጅቷ በማግስቱ ቀና ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። የት እንዳለች እስካሁን አላውቅም።

ዛሬ ደጀን ተመልሼ ሥራዬን ይዣለሁ። ወሬው ደርሶ አንዳንድ ደንበኞቼ ቀርተዋል። ለምን ነካሻት ለሚሉኝ "አሁንም ብትመጣ እሠራታለሁ" እላለሁ። ቲቸርም ተፈተው ማስተማር ጀምረዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሄጄ ግን አላየሁም። እኔ የተፈታሁ ዕለት በሩ ድረስ ሸኝተውኝ እንዲህ ነበር ያሉኝ፦

"ስወጣ ክፍል ገብቼ ስለ እሷ እናገራለሁ። ካላመንሽኝ መጥተሽ ከኋላ ወንበር ተቀመጪ።"