የተለቀሰለት ውሻ

የሆስፒታሉ ስፌት ክፍል ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ የጣፈችው ሴትዮ ውሻ ካየች መንገድ ትቀይራለች። የሥራ ጓደኞቿ «እትዬ ፈሪ» እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም ይሳቁ ብላ ትተዋቸዋለች። ልጅ አዋቂው ደጋግሞ ያየው የዚያ የድሮ ፊልም ሕፃን፣ ከውሻዋ በቀር ዘመድ የሌላት የሙት ልጅ፣ እሷ መሆኗን ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም።

እውነትም የሙት ልጅ ነበረች። ፊልም ሠሪዎቹ በስምንት ዓመቷ ከሕፃናት ማሳደጊያ ወስደው ሦስት ወር ከውሻው ጋር አዋሏት። ስሙ ጓዴ ነው። ካሜራው ሲያርፍ ከፀጉሩ እሾህ ትለቅምለታለች፤ እሱም ሌላ ሰው ሲጠራው ጆሮውን እንኳ አያቆምም። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ዳይሬክተሩ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ «ጓዴ ሌሊት ሞተ» አላት። ብርድ ልብስ የለበሰ ነገር አጠገብ አስቀመጧትና ቀረጿት። ያ ለቅሶ ነው ስንቱን ተመልካች ያስለቀሰው። እሷ ግን ፊልሙን አንድም ቀን አላየችውም። በቴሌቪዥን ሲመጣ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

አንድ ማክሰኞ አንዲት ጎልማሳ ሴት ፖስታ ይዛ ስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

«የፊልሙ ውሻ አሰልጣኝ ልጅ ነኝ» አለች። «አባቴ ባለፈው ወር አረፈ። ፈልገሽ ይሄን ስጪልኝ ብሎ አደራ ጥሎብኝ ነው። በማሳደጊያው በኩል አጠያይቄ አገኘሁዎት።»

ፎቶግራፍ ነው። አፉ ዙሪያ የሸበተ ውሻ፣ ቦርሳ ካዘለች ተማሪ እግር ሥር ተኝቷል።

«ልጅቷ እኔ ነኝ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ።»

«ውሻውስ?»

«ጓዴ ነዋ።»

«ጓዴማ ሞቷል» አለች ሴትዮዋ፣ የተሳሳተ ሰው እንደሚያርም ሰው ረጋ ብላ።

«ከፊልሙ በኋላ ዘጠኝ ዓመት እኛ ቤት ኖሯል።»

ክው አለች። እግሯ ፔዳሉን እንደረገጠ ቀረ፤ አንሶላው አልቆ ማሽኑ ባዶውን ይሰፋል። እንግዳዋ ናት እጇን ሰዳ ያጠፋችው።

«አባትሽ ያውቅ ነበር?»

«መኪና ውስጥ ቆልፎ የያዘው እሱ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ዳይሬክተሩ ይነግራታል ብሎ ነበር። እስኪሞት ድረስ ቆጨው።»

«መኪናው የት ነበር?»

«ከአጥሩ ውጭ። ድምፅዎን ሲሰማ መስኮቱን ሊሰብረው ደርሶ ነበር።»

ሴትዮዋ ፊቷ አመድ መሰለ። «ሰምቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እያለቀስኩ ሲጮኽ ሰምቼዋለሁ። የጎረቤት ውሻ ነው አሉኝ።»

የዚያን ቀን ሥራዋን ጥላ ወጣች። በሃያ ስድስት ዓመት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቤት ስትደርስ የቧንቧ ሠራተኛ ባሏን፣ «ያንን ፊልም አጫውትልኝ» አለችው። ሰውዬው ጆሮውን ተጠራጠረ፤ ግን ምንም ሳይጠይቅ ከፈተላት። ጫማዋን ሳታወልቅ እስከ መጨረሻው አየች። መጨረሻ ላይ፣ እሷ በሌለችበት የተቀረጸ ምስል መጣ፤ ጓዴ ሞቶ ተዘርሯል። ጎድኑ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ይተነፍሳል» አለች።

«ታዲያስ፣ የፊልም ሞት አይደል እንዴ? ማንም ያየዋል» አለ ባሏ። ፊቷን ሲያይ ደነገጠ። «የኔ እመቤት፣ አታውቂም ነበር?»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲተነፍስ ያየውን ውሻ እሷ ብቻ ቀብራዋለች።

ቅዳሜ ዕለት የአሰልጣኙ ልጅ ቤት ሄደች። ከጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ ኋላ፣ ጓዴ የተቀበረበትን አሳየቻት።

«እንዴት ሞተ?»

«አርጅቶ። በረንዳ ላይ እንደተኛ።»

«ብቻውን?»

«ኧረ፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

ራሷን ነቀነቀች። ለማልቀስ ሞከረች፤ እንባው ግን እንቢ አላት። የዚህን ውሻ ለቅሶ ገና በስምንት ዓመቷ ጨርሳዋለች። የአሰልጣኙ ልጅ ወንበር አወጣችላት፤ ሴትዮዋም ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ጓዴ ምን ይወድ፣ ማንን ይከተል እንደነበር አንድ በአንድ ጠየቀቻት።