ለአገር የተሰለፉት ልጅዎ

የሰሜኑ ጦርነት ገና ሐይቅ ከተማ ሳይደርስ ነው። ያኔ የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንን ታሪክ እጽፍ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዷ የነበረችው ዘሀራ እዚያው ሐይቅ፣ እናቷ ቤት እንደምትኖር ሰማሁና ከደሴ በሚኒባስ ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ እናትየው ናቸው። አክብሮት ላሳይ ብዬ፣ «ለአገር ተሰልፈው ስለነበሩት ልጅዎ ጉዳይ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

ሴትዮዋ «ወይኔ ልጄን! ወይኔ አህመዴን!» ብለው መሬት ላይ ወደቁ።

አህመድ ደግሞ ማነው? ግራ ተጋብቼ እንደቆምኩ ግቢው በለቀስተኛ ጎረቤት ተሞላ። አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙና፣ «አብሽር፣ መርዶ ማድረስም አማና ነው፤ አደራህን ተወጣ። ልጃቸው ግንባር ከሄደ ሰነበተ። የት ላይ ወደቀ?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ የመጣሁት ስለ ኳስ ነው!» ብል ማን ይስማኝ! ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ እኔም ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥኩ።

በመሃል ዘሀራ ከገበያ እየሮጠች ደረሰች። ነገሩን ስነግራት ቶሎ ብላ ለወንድሟ ደወለችና ስልኩን ለእናቷ ሰጠች። የአህመድ ድምፅ ሲሰማ ለቅሶው ወደ እልልታ ተለወጠ።

እናትየው እንባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ለአገር ተሰልፎ የነበረው የትኛው ልጄ ነው?»

ዘሀራ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ፣ እማዬ። አዲስ አበባ፣ አክስቴ ሱቅ ነው የምሠራው ስልሽ ኳስ እጫወት ነበር።»

እናትየው ከመጀመሪያው የባሰ ጮኹ።