ሦስት የሆኑት አሥራ አንድ መንደሮች

መሐል ሜዳ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የአሥራ አንድ መንደር ጠቦቶችን ክብደት የሚያመዛዝን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጻፍኩ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ጠቦት የሚያወዳድረው ከገዛ መንደሩ ጠቦቶች ጋር ነው፤ ደጋው ጓሳ ጥግ ብርድ እየመታው ያደገና ሞቅ ባለው መስክ የከረመ በአንድ ዓይን አይታዩምና። ከየመንደሩ የላቁት ለአውራነት ይቀራሉ፤ የቀሩት ይኮላሻሉ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት በሊኑክስ በሚሠራው ላፕቶፔ ነበር። ማተሚያው ግን የተገናኘው ከቢሮው ዊንዶውስ ኮምፒውተር ጋር ብቻ ነው። አውራዎቹ በሚመረጡበት ዕለት ጠዋት ሁሉንም በፍላሽ ወስጄ እዚያ አሠራሁትና የታተመውን ዝርዝር ለገበሬዎቹ ተወካይ ሰጠኋቸው። ተወካዩ ቄስ ናቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የመንደራቸውን ጠቦቶች ሚዛን ላይ እያንጠለጠሉ ክብደታቸውን መዝግበዋል።

ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ልጄ፣ ከእኛ መንደር አንድም የለም» አሉኝ።

«እንዴት ይሆናል አባቴ? ትናንት ላፕቶፔ ላይ አራት ነበሩ።»

«ታዲያ የት ገቡ?»

አጠገባችን የነበረችው ኃላፊዬ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። «ሰዎቹ በጎቻቸውን ይዘው ግቢ ቆመዋል። የቱን ዝርዝር ልመን?»

«አንድ ሰዓት ስጪኝ» አልኳት።

ኮምፒውተሮቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ስሌቱ ያው ነው፤ ክብደቱም ያው። መንደሮቹን እንዲቆጥሩ ሳዝዛቸው ግን ላፕቶፔ አሥራ አንድ አለ፤ የቢሮው ሦስት። የቢሮውን የመንደሮቹን ስም ስጠይቀው የጥያቄ ምልክት ብቻ ደረደረልኝ፦ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት፣ ባለ አምስት። ያኔ ገባኝ። ጠዋት የክብደቱን ፋይል በቢሮው ኮምፒውተር ከፍቼ መልሼ ሳስቀምጥ የግዕዝ ፊደል የሚይዘውን ዓይነት አልመረጥኩም ነበር። እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ፣ ባለ ሦስት ፊደል መንደሮች ሁሉ እንደ አንድ መንደር ተቆጥረዋል። ብርድ ላይ ያደጉት የቄሱ መንደር ጠቦቶች ሣር ከጠገቡት ጋር ተወዳድረው ወድቀዋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው ቄሱን። «ኮምፒውተሩ የመንደርዎን ስም ማንበብ አቅቶት ከሌሎች ጋር ደባልቆታል።»

«ፊደል ያልቆጠረ ነዋ» አሉ ፈገግ ብለው።

ፋይሉን ከላፕቶፔ እንደገና ወስጄ እንደሚገባው አስቀመጥኩ፤ ፕሮግራሙም ፊደሉን ለይቶ እንዲያነብ አንድ መስመር ጨመርኩና ዝርዝሩን እንደገና አተምኩ። ከዚያ ኃላፊዬ ከአዲሱ ወረቀት፣ ቄሱ ከላፕቶፔ እየተቀባበሉ የጠቦቶቹን የጆሮ ቁጥር ጠሩ። አንድም ሳይዛነፍ ከመጨረሻው ደረሱ። የቄሱ መንደር አራቱም ጠቦቶች ገብተዋል። ኃላፊዬ ፈርማ ዝርዝሩን ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። ልቤ ሞላ።

በማግስቱ ፕሮግራሙን ከክብደቱ ፋይልና ከዝርዝሩ ጋር ዓለም ከተማ ላለች የሙያ ጓደኛዬ ላክሁላት። የእሷ ኮምፒውተር ማክ ነው፤ ከሁለቱም የተለየ። ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«ምንም ሳልነካው ሠራ። ከዝርዝርህ ጋር አመሳከርኩት፤ አንድም ልዩነት የለውም። አሁን የእኛን የመርሐቤቴን ፍየሎች ልስጠው?»

«ስጪው» አልኳት፤ በዚህ ጊዜ ቅንጣት ፍርሃት አልነበረኝም።