የደረቀ ኩሬ እንቁላል

ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ የሠራሁበት ጉራ ነው። ነጌሌ ተወልጄ፣ ነጌሌ አድጌ፣ ኮሌጅ ጨርሼ ስመለስም ባዮሎጂ ያስተማርኩት እዚያው ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ተማሪው ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ ዴስክ ይታጨቅ ነበር፤ የእኔ ክፍል ግን ዝንብ ስትበር ይሰማል።

አንድ የየካቲት ጠዋት፣ ሕይወት ያለው ነገር የሚገኘው ሕይወት ካለው ነገር ብቻ መሆኑን ሳስረዳ ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አነሳች። አባቷ ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ኩሬ ኃላፊ ናቸው፤ አባ ሐሮ፣ የኩሬ አባት፣ ይሏቸዋል። እሷ ለትምህርት ስትል ከአክስቷ ጋር ከተማ ትኖራለች። ከቤታቸው ፊደል የቆጠረች የመጀመሪያዋ ነበረች።

«ቲቸር፣ የእኛ ሐሮ በበጋ ድርቅ ይላል፤ ከብት ይሄድበታል። ዝናብ ሲመጣ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ በጀርባቸው የሚዋኙ ትንንሽ ነገሮች ይሞሉታል። ከጭቃው ነው የሚወጡት።»

«ጭቃ አይወልድም» አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? «ጭቃ ቢወልድማ የነጌሌ መንገድ ዓሣ ባጠገበን ነበር» ብዬ ጨመርኩበት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጅቷ ተቀመጠች። በማግስቱ ቀረች፤ በሳምንቱም አልመጣችም። አክስቷን ብጠይቅ፣ ትምህርቱን ትታ ወደ አባቷ ሄዳለች አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኩሬው ሄድኩ። ለምሳ ይዣት እንደምመለስ አልተጠራጠርኩም። እዚያ ስደርስ ዝናብ ሳይመጣ ደለሉን የማውጣት ሥራ ላይ ነበሩ፤ ከኩሬው የሚያጠጣ ቤተሰብ ሁሉ አንድ አንድ ሰው ልኳል። ጭቃው በቁርበት እየተጫነ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ዳር ይወጣል። አባቷ ዳር ላይ ቆመዋል።

«አካም አባባ፣ ናጋ ኖት?»

«ናጋ» አሉና ቁርበት አስያዙኝ። «ሐሮ ሲጠረግ ባዶ እጁን የቆመ ሰው አያወራም፣ ባርሲስቱ። መጀመሪያ ተሸከሚ።»

አስተማሪ ማለታቸው ነው፤ ማዕረጌን አውቀው ነው ጭቃ ያሸከሙኝ። በነጭ ሸራ ጫማዬ እስከ እኩለ ቀን ተሸከምኩ። ልጅቷ ከሰልፉ መሃል ሆና ጭቃውን ስታቀብለኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ በኋላ ነው አባቷ ከግራር ሥር ያስቀመጡኝ።

«ልጄን ዋሸሽ ብለሻታል አሉ።»

«አልዋሸችም፤ ተሳስታለች እንጂ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ይመልሱልኝ።»

«እኔ መች ከለከልኳት? እምቢ ያለች ራሷ ናት። ጭቃውን ውሰጂ፤ ውሃ ጨምሪበትና አይተሽ ነይ።»

በፌስታል ይዤ ገባሁ። በሳፋ አድርጌ የቧንቧ ውሃ ሞላሁበትና ጠበቅሁ። በአሥር ቀን ውስጥ ከትንኝ በስተቀር ያፈራው ነገር የለም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ላስረዳቸው ተመልሼ ሄድኩ።

«ምን ውሃ አጠጣሻቸው?» አሉኝ።

«የቧንቧ።»

አባባ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «የከተማ ውሃ ጨው ነው፤ ሻይ እንኳ ያበላሻል። እነዚህ የሚያውቁት የሰማዩን ነው። ጠብቂ።»

መጋቢት ሊያልቅ ሲል የጋና ዝናብ፣ ማለትም ዋናው ዝናባችን፣ ወረደ። ከቆርቆሮው የወረደውን ተቀብዬ ከተረፈኝ ደረቅ ጭቃ ላይ አፈሰስኩ። በሦስተኛው ቀን ከውሃው ውስጥ የሚርገበገቡ ነጠብጣቦች አየሁ። ቆዳቸውን እየጣሉ እያደር አደጉ። በሁለተኛው ሳምንት ውስጣቸው የሚታይ፣ ከጥፍሬ የማይበልጡ የሽሪምፕ ዘመዶች ሆነው በጀርባቸው ተንሳፍፈው እግራቸውን ያርገበግቡ ጀመር። ሴቶቹ ከሆዳቸው ሥር እንቁላል የሞላ ከረጢት ተሸክመዋል። ያን ጊዜ የኮሌጅ መጽሐፌን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩ። ኩሬው ሳይደርቅ እናቲቱ እንቁላሏን ጭቃው ላይ ጥላ ትሞታለች። እንቁላሉ ፀሐዩንም የከብቱንም ኮቴ ችሎ ይቆያል። ደግሞ ሁሉም በአንድ ዝናብ አይፈለፈልም፤ ዝናቡ ቶሎ ቢያቋርጥ ዘር እንዳይጠፋ ገሚሱ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

ልጅቷ ከጭቃው ይወጣሉ አለች እንጂ ጭቃው ይወልዳል አላለችም። ይወልዳል የሚለውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በራሴ ቃል እሷን አሳቅሁባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መጽሐፌን ይዤ ልጅቷን ሳልሰማት ቀረሁ። አፈርኩ።

ሰኞ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ አድርጌ ክፍል ይዤ ገባሁ። «እሷ ልክ ነበረች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። የሳቀ የለም። ከሰዓት ጠርሙሱን ታቅፌ ኩሬው ድረስ ሄድኩና አባቷ እየሰሙ ይቅርታ ጠየቅኋት። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው።

«ቲቸር፣ ውሃው ሞቋል። ጥላ ያስፈልጋቸዋል» አለችና ከግራሩ ሥር አኖረችው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አገኘኋት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄ የሚያነሳ ልጅ ላይ ማንም እንዳይስቅ አዘዝኩ። ክፍሌ ጫጫታ የበዛበት ሆነ፤ እሰየው አልኩ። ስለ ጅብም፣ ስለ ግመልም፣ ስለ መብረቅም ጠየቁኝ። እሷ የሰኔውን ፈተና ከሁሉም በልጣ አለፈች። በስሟ ጠርቼ ስጠይቃት ተነስታ በትክክል ትመልሳለች፤ ትቀመጣለች። እኔም ከሰሌዳው ዞር ባልኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ወደ እሷ ነበር። በራሷ ፈቃድ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም ቀን እጇን አላነሳችም።