በአቡጀዲ የተጠቀለሉት የክፍል ፎቶዎች

በደርግ ዘመን ሰቆጣ ውስጥ አስተማሪ ነበርሁ። በየዓመቱ ስምንተኛ ክፍል የሚጨርሱ ተማሪዎች ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰልፈው ፎቶ ይነሡና ፎቶው በመስታወት ተገጥሞ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይሰቀላል። ከጽጽቃ፣ ከአበርገሌ ድረስ በእግራቸው መጥተው፣ ቤት ተከራይተው ይማሩ ለነበሩት ለብዙዎቹ በዕድሜያቸው የተነሡት ፎቶ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ጦር ሊሰፍርበት ነውና ግቢውን እስከ ስምንት ሰዓት ልቀቁ ተባልን። ሁሉም ወንበርና መዝገብ ያወጣል። ፎቶዎቹን ዞር ብሎ ያየ የለም።

"እነዚህስ?" ብዬ ርእሰ መምህሩን ጠየቅሁ።

"ተያቸው እባክሽ! ለወረቀት ነው አሁን?"

እኔም እዚያ ግድግዳ ላይ ነበርሁ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ የተዋስሁትን ጫማ አድርጌ። ልተዋቸው አልቻልሁም። ከመስታወታቸው አውጥቼ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። የተከራየሁት ቤት ዝናብ ባካፋ ቁጥር ስለሚያፈስ፣ ገበያው ዳር ጨርቅ ወደሚሸጡት ሙስሊም ሽማግሌ ሄድሁ። ልጃቸው አብራኝ ተምራለች፤ በወሊድ ነው የሞተችው።

"አባባ፣ ሣጥንዎ ውስጥ ያስቀምጡልኛል?"

አንድ በአንድ ገለጧቸው። አንዱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። "ይቺ የኔ ናት" አሉ። ከዚያ ከጣቃው ላይ አቡጀዲ ቀደው ጠቀለሏቸው።

ወር ሳይሞላ ወደ ደሴ ተዛወርሁ። ሁለት ክረምት አልፎ ስመለስ የሱቁ በር ተገንጥሏል፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። ጎረቤታቸው "ተኩሱ ሲበረታ እህታቸው ዘንድ ገጠር ወጡ" አለችኝ።

ግማሽ ቀን ተጉዤ ደረስሁ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"እንዴት ከረሙ አባባ?"

"አልሐምዱሊላህ። ምነው ቀረሽሳ?"

ሱቁ የተዘረፈበትን ሰው ስለ ፎቶ መጠየቅ አፈርሁ። እሳቸው ግን ሳልጠይቃቸው ተነሡ።

"ያለችኝ አንዲት አህያ ነች። ጨርቁን ትቼ ሣጥኑን ጫንሁ። እህቴ ደግሞ ብል እንዳይበላቸው ብላ በርበሬ ነስንሳባቸዋለች።"

አቡጀዲውን ስፈታ በርበሬው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አስነጠሰኝ፤ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስሁ። አንዱ ጥጉ ላይ ትንሽ ሻግቷል እንጂ ሁሉም ደህና ነበሩ። ከደሴ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ያን ጊዜ ወረደ።

"አንዷን ግን..." አሉ።

የትኛዋን እንደሆነ ገብቶኛል። "የእርስዎው ናት አባባ" አልኋቸው።

ጦሩ ለቆ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሌሎቹን መልሰን ሰቀልን፤ ሽማግሌውም ወደ ከተማ ተመለሱ። ከመሐል አንድ ቦታ ክፍት ነው። የዚያ ዓመት ተማሪዎች መጥተው ፎቷቸውን ሲያጡ፣ የሽማግሌውን ቤት እናሳያቸዋለን። እሳቸውም ቁርስ ሳያበሉ አይሸኟቸውም።